ከልጁ ስም ቀጥሎ የሚጠራው ስም

(በራዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች! ስለ እናት ሐቅ በየመድረኩ ብዙ ይነገራል፤ ሊነገርም ይገባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጎ ልንውልለት ከሰው ሁሉ ይበልጥ የሚገባው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ ሦስት ጊዜ እናትን ጠርተው በአራተኛው አባትን መጥራታቸውን የማያውቅ ሙስሊም ጥቂት ነው። ታዲያ አንዳንዶቻችን አባቶች ይህን ሐዲስ የተረዳነው ልጅ ማሳደግም ከአራት እጅ ሦስቱ የእናት ሥራ እንደሆነ አድርገን ነው። ሐዲሱ ግን የሚናገረው ልጅ ለወላጁ ስላለበት ዕዳ እንጂ አባት ለልጁ ስላለበት ዕዳ አይደለም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ዕዳ ነው።

አስቀድሜ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመድረሳ ሕፃናትን አስተምር ነበር። የዕለቱ ትምህርት ሉቅማን ልጁን ስለመከረበት ታሪክ ነበርና ጨዋታ ለመፍጠር ያህል «ልጆች፣ እናንተንስ በዚህ ሳምንት አባታችሁ ምን አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዷ «ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ አለኝ» አለች። ሌላው «ቴሌቪዥኑን ቀንሰው አለኝ» አለ። ሦስተኛው ጥቂት አሰበና «አባቴ የሚመጣው ከተኛን በኋላ ነው፤ ስንነሳ ደግሞ ሄዷል» አለ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል የሚቀጥለው ልጅ ተራ ደረሰ። የገዛ ልጄ ነበር። «አባቴ ማታ ማታ ይደክመዋል» አለ።

በመልሱ ውስጥ ውሸት አልነበረም። ወቀሳም አልነበረበትም፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረው። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ ድረስ ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም። የሰውን ልጆች ስለ ሉቅማን የማስተምር ሰው፣ ለራሴ ልጅ የምታወቀው በድካሜ ነው ማለት ነው። የዛሬው ንግግር መነሻ ይህ ነውና ተግሣጹ ከእኔ እንደሚጀምር ተረዱልኝ።

ስማችን የት የት ይደርሳል?

በአገራችን ልማድ ልጅ የሚጠራው በራሱ ስም ሲሆን ከእርሱ ቀጥሎ የአባቱ ስም ይከተላል። ጠዋት መምህሩ የተማሪዎቹን ስም ሲጠራ የእኛም ስም በክፍሉ ውስጥ ይሰማል። በሐኪም ቤት ካርድ ላይ፣ በፈተና ወረቀት ላይ፣ በመታወቂያ ላይ፣ በኒካሕ ቀን፣ ሁሉም ቦታ የልጁን ስም ተከትለን እንገባለን። ይህ ከእምነታችን ጋርም ይስማማል። አላህ (ሱ.ወ) በአሕዛብ ምዕራፍ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ አዟል፤ ይህም በእርሱ ዘንድ ይበልጥ ፍትሐዊ መሆኑን ነግሮናል።

ስማችን በየቀኑ ክፍል ውስጥ እየተጠራ እኛ ግን ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ለመመለስ እናቱን የምንጠይቅ ከሆነስ? የመምህሩን ስም ሳናውቅ፣ የቅርብ ጓደኛው ማን እንደሆነ ሳንጠይቅ ዓመቱ የሚያልቅ ከሆነስ? ስም መስጠት ክብር ነው፤ ክብር ግን ዕዳ አለበት።

ዕዳው የሚጀምረው ከውልደት ጀምሮ ነው። ልጅ ሲወለድ በሰባተኛው ቀን መልካም ስም ማውጣት፣ ፀጉሩን መላጨትና ዐቂቃ ማረድ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ነው። ዐቂቃው ለወንድ ሁለት በግ ወይም ፍየል፣ ለሴት ደግሞ አንድ ሲሆን የሚታረደውም አቅም በፈቀደ መጠን ነው፤ ለድግስ ብሎ ዕዳ ውስጥ መግባት አልተጠየቅንም። የአገራችን ሕግም በዚሁ ጊዜ ከአባት የሚጠብቀው ነገር አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ አዘዘ፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀመረ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የሦስት ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ሰጥቷል። ሦስት ቀን አጭር ነው። ቢሆንም ይህችን ሦስት ቀን እንኳ ሳይጠይቅ፣ «ሴቶቹ አሉ፤ እኔ ምን እሠራለሁ?» ብሎ ሥራ ቦታ የሚውል አባት አለ። እናቲቱ በዚያን ሰዓት ከገንፎውና ከአጥሚቱ ሌላ የባሏንም ፊት ትፈልጋለች።

ነፈቃ መሠረት ነው፤ ቤቱ ግን መሠረት ብቻ አይደለም

ነፈቃ ማለት አባት ለሚስቱና ለልጆቹ የምግብ፣ የልብስ፣ የመጠለያና የመሳሰለውን ወጪ መሸፈን ነው። ይህ ግዴታው ነው፤ ለቤተሰቡ የሚያደርገው ውለታ አይደለም። በበቀራ ምዕራፍ የምታጠባን እናት መመገብና ማልበስ በአባት ላይ መሆኑ፣ ያም በደንቡና በአቅም ልክ እንደሆነ ተደንግጓል። ያለው ካለው፣ የጠበበበትም አላህ ከሰጠው ላይ ይሰጣል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰው የሚያስተዳድራቸውን ችላ ማለቱ ብቻውን ለኃጢአት እንደሚበቃው አስጠንቅቀዋል። በሌላ በኩል ደግሞ በአላህ መንገድ፣ ባሪያ ነፃ ለማውጣት፣ ለድሃና ለቤተሰብ ከሚወጡ ገንዘቦች ሁሉ አጅሩ የሚበልጠው ለቤተሰብ የሚወጣው እንደሆነ አስተምረዋል። ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ በፌስታል ይዘኸው የምትገባው ዳቦና ሙዝ በኒያህ ልክ ዒባዳ ይሆንልሃል ማለት ነው።

ኖሮት የሚቆጥብ አባትስ? የአቡ ሱፍያን ባለቤት ሂንድ (ረ.ዐ) ባሏ እጁ የተያዘ እንደሆነና ለእርሷም ለልጆቿም የሚበቃ እንደማይሰጣት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አመለከተች። እርሳቸውም ለእርሷና ለልጆቿ የሚበቃውን ያህል በደንቡ ከገንዘቡ እንድትወስድ ፈቀዱላት። ከዚህ የምንማረው የልጅ ቀለብ በአባት ፊት መሽቆጥቆጥ የሚጠይቅ ልመና ሳይሆን ሐቅ መሆኑን ነው።

ብዙዎቻችን ግን እዚህ ላይ እንቆማለን። «ምን ጎደለባቸው? ይበላሉ፣ ይለብሳሉ፣ ይማራሉ» እንላለን። በመርካቶ ሱቅ ያለው ነጋዴ ከፈጅር በኋላ ወጥቶ ከዒሻ በኋላ ይገባል። ሹፌሩ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው። በግንባታ ላይ የሚውለው ወንድማችን እግሩን ታጥቦ ሳይጨርስ እንቅልፍ ይጥለዋል። እነዚህ ሰዎች የሐላል ሪዝቅ ፍለጋ ላይ ናቸውና ልንወቅሳቸው አይገባም፤ አላህ ድካማቸውን ይቁጠርላቸው። ነገር ግን ሁላችንም የምንጠፋው በሥራ ብቻ አይደለም። እውነቱን እንነጋገር። ሥራው በዘጠኝ ሰዓት አልቆ እስከ ማታ በበርጫ ቤት የሚቀመጥ አባት አለ። የጫትን ብያኔ ዛሬ አላነሳም፤ ዑለማዎች የተናገሩበት ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ሰዓቱ ነው። ከጓደኞቹ ጋር አራት ሰዓት ሙሉ ስለ አገርና ስለ ዓለም ሲተነትን የዋለ አንደበት ቤት ሲገባ «ዝም በሉ፣ ራሴን አሞኛል» ከማለት ሌላ ቃል ያጣል። ለጫቱ የወጣው ብር ከነፈቃው ላይ ተቀንሷል፤ የወጣው ሰዓት ደግሞ ከልጆቹ ላይ ተቀንሷል። ብሩ ነገ ሊተካ ይችላል፤ ሰዓቱ ግን አይተካም። ጫት የማይቅም ቢሆንም ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ የሚያመሽ አባትም ከዚህ የተለየ አይደለም። አካሉ ሶፋው ላይ ነው፤ እርሱ ግን ቤት የለም።

ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ወንድሙ አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) ቀኑን በጾም፣ ሌሊቱን በሰላት እያሳለፈ ቤተሰቡን ችላ ማለቱን ባየ ጊዜ፣ ጌታው፣ ነፍሱና ቤተሰቡ በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው ነግሮት ለእያንዳንዱ ሐቁን እንዲሰጥ መክሮታል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን እውነት መናገሩን አጽንተዋል። ልብ በሉ! ሰውየው ከቤተሰቡ የራቀው በዒባዳ ነበር። በዒባዳ መራቅ ከተወቀሰ በወሬ መራቅ እንዴት ይሆናል?

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት እንዴት ነበር?

ከእርሳቸው የበለጠ ኃላፊነት የነበረበት ሰው የለም። ወሕይ ይወርድላቸዋል፣ ጦር ይመራሉ፣ ልዑካን ይቀበላሉ፣ በሰዎች መካከል ይፈርዳሉ። ሆኖም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ቤት ውስጥ ምን ያደርጉ እንደነበር ስትጠየቅ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበርና የሰላት ወቅት ሲደርስ ለሰላት ይወጡ እንደነበር ተናግራለች። ጫማቸውን ይጠግኑ፣ ልብሳቸውን ይሰፉ እንደነበርም ተዘግቧል።

የልጅ ልጃቸውን ኡማማን አቅፈው ሰግደዋል፤ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧታል፣ ሲቆሙ ያነሷታል። አንድ ጊዜ ደግሞ ሱጁዳቸው ረዝሞ ሰዎቹ አንድ ነገር ደረሰ ብለው እስኪሰጉ ቆዩ። ከሰላት በኋላ ሲጠየቁ ሕፃኑ ጀርባቸው ላይ ወጥቶ ስለነበር የልቡ ሳይደርስ ሊያስወርዱት እንዳልፈለጉ ተናገሩ። ዛሬ በመስጂዳችን አንድ ሕፃን ሲሮጥ ዓይናችን ምን ያህል እንደሚቀላ አስታውሱ። ልጃቸው ፋጢማ (ረ.ዐ) ስትመጣም ተነሥተው ይቀበሏት፣ ይስሟትና በመቀመጫቸው ያስቀምጧት ነበር። ይህ የሆነው ሴት ልጅን ከነሕይወቷ መቅበር ገና ትዝታው ባልጠፋበት ሕዝብ መካከል ነው።

የተሚም ጎሣ አለቃ የነበረው አል-አቅረዕ ኢብን ሓቢስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐሰንን (ረ.ዐ) ሲስሙ አየና እርሱ አሥር ልጆች እያሉት አንዱንም ስሞ እንደማያውቅ ተናገረ። እርሳቸውም የማያዝን ሰው እንደማይታዘንለት ነገሩት። በአገራችንም «ልጅን ከሳሙት ይባልጋል፣ ከሳቁለት ይንቃል» የሚሉ አባቶች ብዙ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። የእኔም አባት፣ አላህ ይዘንለትና፣ እንዲህ ነበር። እንደሚወደን ያወቅነው እኛ ተኝተናል ብሎ ብርድ ልብሱን ሲያለብሰን ነቅተን ስለጠበቅነው ነው። እርሱ ያደገበትን ነው ያደረገው፤ አንፈርድበትም። እኛ ግን ፍቅራችንን ልጁ እስኪተኛ መደበቅ የለብንም።

ቃልና ፍትሕ

ልጅ እውነትን የሚማረው ከወላጁ አፍ ነው። ዐብዱላህ ኢብን ዓሚር (ረ.ዐ) ልጅ ሳለ እናቱ «ና፣ አንድ ነገር እሰጥሃለሁ» ብላ ጠራችው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት። ተምር መሆኑን ስትነግራቸው ምንም ባትሰጠው ኖሮ ውሸት ተብሎ ይጻፍባት እንደነበር አስገነዘቧት። እኛስ? «ለዒድ ብስክሌት እገዛልሃለሁ» ብለን ስንት ዒድ አልፏል? አበዳሪ ደጅ ላይ ሲመጣ «አባቴ የለም በለው» ብለን ልጁን የላክን ቀን ያስተማርነው ትምህርት ከዓመት የመድረሳ ትምህርት ይከብዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ በልጆች መካከል ፍትሕ ነው። በሺር የተባለው ሶሓባ ለልጁ ለኑዕማን (ረ.ዐ) ስጦታ ሰጥቶ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምስክር ሊያደርግ መጣ። ለሌሎቹ ልጆቹ ሁሉ ይህንኑ ሰጥቶ እንደሆነ ጠየቁት። አለመስጠቱን ሲሰሙ አላህን እንዲፈራና በልጆቹ መካከል እንዲያስተካክል አዘዙት፤ እርሱም ስጦታውን መለሰ። የሁለት ሚስት ልጆች ባሉበት ቤት፣ ጎበዝና ሰነፍ ተማሪ ባለበት ቤት ይህ ነገር ከባድ ፈተና ነው። በተለይ በሴቶቹና በወንዶቹ መካከል ያለውን እንመርምር። ወንዱ ከትምህርት ቤት መጥቶ ኳስ ሲጫወት እህቱ ሳህን ታጥባለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ከዚያም በዝቅተኛ ውጤት ትወቀሳለች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቤት ሥራ ያግዙ ከነበረ፣ ልጃችን የበላበትን ሳህን ማጠቡ ወንድነቱን የሚቀንስበት ምክንያት የለም።

እናት ዓረብ አገር ስትሆን

ወንድሞቼ! በብዙ ቤቶቻችን ዛሬ ነገሩ ተገላብጧል። ቤት ቀሪው አባት፣ ተጓዧ እናት ናት። በወሎ፣ በጂማ፣ በአርሲና በሌሎችም አካባቢዎች ስንት እናቶች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ቤሩት እንደሄዱ ታውቃላችሁ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ የጉዳዩን ስፋት ሁላችንም አይተናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘመድ ጥየቃ ወደ ኮምቦልቻ ሄጄ እንዲህ ያለ አባት ጎረቤት አገኘሁ። ባለቤቱ በሳዑዲ በሰው ቤት ትሠራለች፤ እርሱ ሦስት ልጆች ይዞ ቀርቷል። ጠዋት ልብሳቸውን አልብሶ ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። ማታ ሊጥ ያቦካል፣ ወጥ ይሠራል። የሰፈሩ ወንዶች «ይህ ሰውዬ ማጀት ገብቶ ቀረ» እያሉ ይስቁበት ነበር። አልከበደህም ወይ? ብዬ ጠየቅኩት። «የሰው ወሬ አይደለም የከበደኝ፤ የልጅቷ ፀጉር ነው። መጀመሪያ ስሠራት ታለቅስ ነበር። አሁን ሹሩባውን ለምጄዋለሁ» አለኝ። ወላሂ፣ ከብዙ ኹጥባ የበለጠ ነገር ከዚህ ሰው ተምሬያለሁ።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነም አለ። ሚስቱ በባዕድ አገር የሰው ወለል እየፈገፈገች የምትልከውን ሪያል ተቀብሎ ሥራውን የተወ፣ ልጆቹን ለአያት ወርውሮ ገንዘቡን በወሬ ቤት የሚጨርስ አለ። ይህ ወንድማችን አንድ ነገር ይወቅ፦ ሚስት ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ የእርሷ ነው፤ ነፈቃም ከባል ላይ አልወረደም። ለቤቷ ብታወጣ ውለታዋ ነው። የዐብዱላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) ባለቤት ዘይነብ (ረ.ዐ) ለባሏና ለምታሳድጋቸው የቲሞች ማውጣቷ ምጽዋት ይሆንላት እንደሆነ ስትጠይቅ፣ የዝምድናና የሰደቃ ሁለት አጅር እንዳላት ተነግሯታል። ሰደቃ መሆኑን ልብ በሉ፤ ግዴታዋ አልተባለም። ስለዚህ የእርሷ ላብ በአደራ የተሰጠን አማና ነው። ልጆቹም እናታቸው ለምን እንደሄደች፣ ምን እየለፋችላቸው እንደሆነ ከአባታቸው አንደበት በክብር መስማት አለባቸው። ስልክ ስትደውል ልጆቹን አቅርቡላት፤ የገንዘቡን ነገር ብቻ ጠይቃችሁ አትዝጉባት።

በፍቺ አባትነት አይፈርስም

ኒካሕ ሊፈርስ ይችላል፤ አባትነት ግን አይፈርስም። ቁርኣን እናት በልጇ ምክንያት እንዳትጎዳ፣ አባትም በልጁ ምክንያት እንዳይጎዳ አዟል። ልጁን በቀል መበቀያ ማድረግ፣ «እናትህ እንዲህ ናት» እያሉ ማሳደግ፣ ወይም እርሷን ለማስጨነቅ ቀለብ መከልከል ሁሉ ከዚህ ትእዛዝ ጋር ይጋጫል።

በአገራችን ይህን የሚመለከት የሕግ መንገድ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 በግልና በቤተሰብ ጉዳይ የሚነሱ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባሕል ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል። በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188 እነዚህ ፍርድ ቤቶች የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የቀለብና የአካለ መጠን ያላደረሱ ልጆች ሞግዚትነት ጉዳዮችን፣ ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ፣ እንዲያዩ ሥልጣን ሰጥቷል። ካልተስማሙ ጉዳዩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል። ፍርድ ቤት ቀለብ ሊቆርጥ፣ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር ሊወስን ይችላል። ልጁን «እንዴት ዋልክ?» ብሎ እንዲጠይቅ ግን ማንንም አባት ሊያስገድድ አይችልም። ይህ በአላህና በአባትየው መካከል የሚቀር ጉዳይ ነው።

ከየት እንጀምር?

ብዙ ተናገርን፤ ከባድ እንዳይመስላችሁ። ከአንዲት ሰዓት እንጀምር። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ ከሰዓት ብዙም አትበልጥም። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን እንኳ ይህችን ሰዓት ለቤታችን እንስጥ።

አንደኛ፣ ከልጆቻችን ጋር ከአንድ ትሪ እንብላ። ዑመር ኢብን አቢ ሰለማ (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጅ ያደገ የእንጀራ ልጃቸው ነበር። ሲበላ እጁ በገበታው ላይ ወዲያና ወዲህ ይል ስለነበር ቢስሚላህ ብሎ፣ በቀኝ እጁ፣ ከፊቱ እንዲበላ አስተማሩት። ትምህርቱ የተሰጠው በገበታ ላይ ነው፤ አብሮ ያልበላ አባት ይህን ሊያይም ሊያርምም አይችልም። ስልኩም በዚያ ሰዓት ከእጃችን ይራቅ።

ሁለተኛ፣ እንጠይቅና እናዳምጥ። ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ሕልሙን ሮጦ የነገረው ለአባቱ ነበር፤ ያዕቆብም (ዐ.ሰ) ሰምቶ መከረው። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ያን ታላቅ ትእዛዝ በተቀበለ ጊዜ እንኳ የልጁን ሐሳብ ጠይቋል። የልጁን ትንሽ ወሬ ያልሰማ አባት ትልቁን ምስጢር አይነገረውም። ልጁ በሱስ ወይም በመጥፎ ጓደኛ በተያዘ ጊዜ የመጨረሻው ሰሚ የሚሆነው እንዲህ ያለ አባት ነው።

ሦስተኛ፣ ሰላትን አብረን እንያዝ። ልጅ በሰባት ዓመቱ በሰላት እንዲታዘዝ ተነግሮናል። ትእዛዙ ግን ቁጣ ብቻ አይደለም። እጁን ይዞ ውዱእ ማሳየት፣ ወደ መስጂድ አብሮ መራመድም አለበት። ሉቅማን ልጁን ስለ ተውሒድ፣ ስለ ሰላት፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ አረማመዱና ስለ ድምፁ ሲመክረው በፍቅር «ልጄ ሆይ» እያለ ነበር።

አራተኛ፣ ስንሳሳት ይቅርታ እንጠይቅ። ያለ ጥፋቱ የተቆጣነውን ልጅ «ተሳስቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» ብንለው ክብራችን አይወርድም። ጥፋትን ማመንን ከእኛ ይማራል።

እኔም ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ከልጄ ጋር ከመስጂድ በእግር መመለስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሁለታችንም የምናወራው ጠፍቶን ነበር፤ እኔ ስለ ትምህርቱ እጠይቃለሁ፣ እርሱ «ደህና ነው» ይላል፤ ከዚያ ዝም። ሰንበት ሲል ግን ወሬው መጣ፤ ስለ መምህሩ፣ ስለ ኳሱ፣ ስለ አንድ የሚያስፈራራው ትልቅ ልጅ። ይህን የመጨረሻውን ስንት ወር ተሸክሞት እንደኖረ አላህ ያውቃል። አሁን ደክሞኛል ብለው እንኳ አይለቀኝም።

ውድ ወንድሞች! ነገ ጠዋት በየክፍሉ ስማችን ይጠራል። ልጃችን «አቤት» ሲል ከስሙ ቀጥሎ የሚሰማው ስም በልቡ ውስጥ ምን ትርጉም እንዳለው የምንወስነው ዛሬ ማታ ነው።

አላህ ሚስቶቻችንንና ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። የቲሞችን እርሱ ይጠብቅልን፤ በስደት ያሉ እናቶችን በሰላም ወደ ልጆቻቸው ይመልስልን። ለአባቶቻችን፣ በሕይወት ላሉትም ለሞቱትም፣ ይዘንላቸው። ኣሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።